ቴኪማው የሰበሩት ድንጋይ

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እንቢተኛው ጎረቤት ሲሆን ግን መከራው አጥር ዘሎ መካሪውንም ውሃ ያስጠማል። የተናደድኩትም በዚህ ነው።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ሽማግሌው ቴኪማው የጋራ ጉድጓዳችን ውስጥ ገብተው በዲጂኖ ሲቆፍሩ ደረስኩ። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ከዚህች የአሸዋ ደሴታችን በመርከብ ሄደው፣ አርጅተው ነው የተመለሱት። ከተመለሱ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። ከአፋፉ፣ እዚሁ በእናታቸው እጅ ያደገችው የልጅ ልጃቸው ቲሮያ ቆማ ትለምናቸዋለች። ለሠርጓ የሚቀርበው ባባይ፣ ያ ግዙፉ ጎደሬያችን፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ተተክሎ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ባባይ የሌለበት ሠርግ ደግሞ ለሙሽራዋ ቤት ውርደት ነው።

«አያቴ፣ እባክዎ ይውጡ! በቆፈሩ ቁጥር ውሃው ጨው ጨው እያለ ነው።»

«ገና ስላልጠለቀ ነው። የተራራ አገር ሰዎች ሲቆፍሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥሩ ውሃ ከታች ነው።»

«እዚህ ተራራ የት አለና? የዝናቡ ውሃ አሸዋው ውስጥ ሰርጎ ባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። ከታቹ ባሕር ነው!»

«ውሃ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል? ይህንን ነው ያስተማሩሽ?»

«ያስተማሩኝስ የርስዎ እናት ናቸው! ከሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አላገኙም?»

«አግኝቻለሁ። እንቢ ሲለኝ ሰበርኩት።»

ቲሮያ ጮኸች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የጥንት ጉድጓዶቻችን ሁሉ ከሥራቸው እንዲህ ያለ ድንጋይ አላቸው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

«አባባ፣» አልኩ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «ያ ድንጋይ እኮ ‘ከዚህ በታች እንዳታልፉ’ ማለት ነው! ያስቀመጡት እናትዎ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«መቼ ቤትዎ ነበሩና!»

አኩርፈው ወጡ። ውሃው እስኪያርፍ ተውነው። በማግሥቱ ቲሮያ ከላይ ከላዩ በኮኮናት ቅርፊት ቀስ ብላ ጨልፋ ሰጠቻቸው።

«ይጠጣል» አሉ እየከበዳቸው።

ባልዲውን እስከ ታች ሰድዳ ያወጣችውን ሲቀምሱ ግን «እትፍ!» አሉ። ዞር ብለው ቢጫውን ቅጠል አዩ።

«ባባይሽ ይተርፍ ይሆን?»

«ዛሬውኑ ከደፈንነው።»

የቆፈሩትን በአሸዋና በጠጠር ደፈንን። የድንጋዩን ስባሪዎች ቴኪማው ራሳቸው ወርደው ገጠሟቸው፤ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉ አገገመ፤ በሠርጉም ዕለት ባባዩን ተሸክመው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ወንድሞቼ ሆይ፣ በኛ አሸዋ ላይ ውሃ የሚገኘው በጥልቀት ሳይሆን በቁጥብነት ነው፤ ከላይ ትንሽ ትንሽ የቀዳ ሰው የልጅ ልጁም ይጠጣል።

ባለፈው ቸኩዬ ባልዲዬን ብወረውር ከበስተኋላዬ ተጮኸብኝ።

«ቀስ በል አንተ መምህር! እናቴ ያስቀመጠችውን ድንጋይ ልትሰብረው ነው?»

ደሜ ፈላ። ቢሆንም ባልዲውን አውጥቼ በቅርፊት ጨለፍኩ።