ያኮረፈ ባሕር አያንኮራፋም

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያለችኝ ቼሎ የምትጫወተው እትዬ ናት፣ ይኸው ጀመርኩ። ለስንብቱ ኬክም ለአበባውም እግዜር ይስጥልኝ። አትሳቁብኝ፣ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም፣ ትምህርቱንም አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ስፈራ ደግሞ ትንፋሼ ይቆረጣል፣ ሳይቆረጥ ቶሎ ቶሎ ልበለው።

ተናድጃለሁ። ምን ላድርግ፣ ተናድጃለሁ።

ሦስት ዓመት ይህን የልምምድ ክፍል ስጠርግ እያንጎራጎርኩ ነው፣ ታውቃላችሁ። አባቴ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ስለነበር ልጅ ሆኜ ይዞኝ ሲዞር ሦስት ባሕር አይቻለሁ። አንዱ ነዝናዛ፣ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ አኩራፊ። የማንጎራጉረው እነሱን ነው። ጋሼ፣ ሙዚቃውን የሚደርሱት እርስዎ፣ ወረቀትዎን ይዘው መጡና "እስቲ ነዝናዛውን ድገሚልኝ" አሉኝ። ደገምኩ፣ ጻፉ። ቀልደኛውንም ጻፉ። አራታችሁ በሁለት ቫዮሊን፣ በቪዮላና በቼሎ ስትጫወቱት መጥረጊያዬን ጥዬ አለቀስኩ፣ ባሕሮቹ ራሳቸው ነበሩ።

ሦስተኛው ግን አይንጎራጎርም፣ ድምፅ የለውማ። በአፌ ነው የነገርኩዎት። "ጋሼ፣ ይሄኛው ያኮርፋል" አልኩ። የምንጣፍ ማጽጃው ማሽን ይጮህ ነበር። እርስዎ "ያንኮራፋል? ግሩም" ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ እንግዳ ጠርታችሁ ተጫወታችሁት። ቼሎው አንኮራፋ፣ ቪዮላው አፏጨ፣ ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። እኔ በሩ ጋ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴን የበላው ባሕር እኮ ነው። ድምፁን አጥፍቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ሦስት ቀን አኩርፎ አኩርፎ ነው የበላው። በዚህ ይሳቃል?

በማግስቱ ነገርኩዎት። ምን አሉኝ? "ልጄ፣ ሰው ወዶታል፣ አሁን ማን ይነካዋል። ማኩረፍና ማንኮራፋት ደግሞ ያው ዘመዳሞች ናቸው።" ዘመዳሞች? የሚያንኮራፋን ሰው ጎሸም ሲያደርጉት ዞር ይላል። ያኮረፈን ባሕር ማን ይጎሽመዋል?

ያን ዕለት ነው መልቀቂያ ያስገባሁት። ሌላ ሥራ አግኝታ ነው የሚባለው ውሸት ነው፣ ምንም አላገኘሁም፣ ፈርቻለሁም። ግን ያን ማንኮራፋት በየሳምንቱ እየሰማሁ ወለል አልወለውልም። ሙዚቃው ላይ ስሜ አልተጻፈም ብላ ነው የምትሉም አላችሁ። እንኳን አልተጻፈ።

እትዬ፣ አንቺን ልለምን። ነገ መድረክ ላይ ሦስተኛው ባሕር ጋ ስትደርሱ ደጋኑን አንሺና ክሩን ሳታስነኪ ያዢው። አራታችሁም። ሰዉ ማሳል እስኪጀምር፣ ወንበሩ እስኪቆረቁረው ድረስ። ጋሼ ይቆጡሽ ይሆናል። ይቆጡ።

በሉ፣ ጣታችሁ አይዛል። ጆሯችሁ አይድከም። መንገድ የወጣ ዘመድ ያላችሁ በሰላም ይግባላችሁ። እርስዎም ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ከልቤ ነው። መረቅኩዎት እንጂ አልታረቅኩዎትም።