ባሕሩ መኪና ማቆሚያው የገባ ዕለት

— ሄሎ?... አዎ፣ የራይዲንግ ቤት ነው።... አይደለሁም፤ ቤሪል እህቴ ናት። እኔ ሄስተር ነኝ። ሄስተር ራይዲንግ።

— ይኸው! ገና «ሄሎ» ከማለቴ እሷን አቅርቢልኝ አልክ! ስለዚህ ቅጣት ሦስት ደብዳቤ አስጽፌያለሁ። ሦስቱም ላይ ያለው የኔ ስም ነው። መልሱ የሚመጣው ግን ለቤሪል! ለምን? የእጅ ጽሑፉ የሷ ስለሆነ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፍልኝ እሷ ናት። መኪናዋ ግን የኔ ናት። የነዳኋት እኔ፣ ውሸታም የተባልኩትም እኔ። ስለዚህ የምታወራው ከኔ ጋር ነው።

— ስምህ ማነው?... ዴክላን። ከየት ነው የምትደውለው?... በርሚንግሃም። ባሕር የሌለበት አገር።... ኧረ ስድብ አይደለም የኔ ልጅ፣ ሐዘኔታ ነው። — ቤሪል፣ ሬዲዮኑን ዝጊው! የመኪና ማቆሚያዎቹ ሰዎች ናቸው!

— እንዴት «ውሸታም አላልንም»? ቆይ።... ቤሪል፣ ያችን ወረቀት አምጫት። ጮክ ብለሽ አንብቢያት። ... ሰማሃት? «የሰጡት ማብራሪያ ተዓማኒ ሆኖ አላገኘነውም።» ይሄ በኛ መንደር ውሸታም ማለት ነው። ክራባት ያሰረ ውሸታም!

— አዎ። ሊነጋጋ ሲል፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ ገባሁ። አልካድኩም። ማታ ሁለት ሰዓት ከሃያ ወጣሁ። እሱንም አልካድኩም። የምክደው መሐሉን ነው! መኪናዬ አስራ አምስት ሰዓት ሊሞላ አስር ደቂቃ እስኪቀረው እዚያ አልተገተረችም። ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት።

— ለምን ሁለት ጊዜ? ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሸሽ ነዋ!... ዛጎል ለቃሚ ነኝ። ኮክል።... አዎ፣ እሱ፣ ውስጡ በኮምጣጤና በቁንዶ በርበሬ የሚበላው። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ እንወርድና በመጫሪያ እንጭራለን፣ ሳይመለስብን እንወጣለን። ጠዋት ሄድኩ፣ ወጣሁ። ማታ ሄድኩ፣ ወጣሁ። ሁለቱም ጊዜ ሦስት ሰዓት አልሞላሁም። ሦስት ሰዓት ደግሞ በነፃ ነው ብላችሁ የለጠፋችሁት እናንተው ናችሁ። ቤሪል አንብባልኛለች።

— ሰማንያ ሁለት።... ምኑ ነው የሚገርመው? ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው። አንተ በሰማንያ ሁለት ዓመትህ ስልክ ታነሳ እንደሆነ እናያለን!

— ካሜራችሁ ጠዋት ስወጣ አላየኝም?... ጭራሽ?... ሲወጣ ከኋላ ነው የሚያነሳው? የኋላ ሰሌዳውን?... ቆይ። ቆይ ቆይ።... አለሁ፣ እያሰብኩ ነው። — ቤሪል! ያን ዕለት ጠዋት ጆንያዎቹን የት ነበር ያሰርኳቸው?... በቃ፣ ይኸው!

— ስማ ልጄ። እኛ የሞላ ጆንያ መኪና ውስጥ አንከትም። ጨው ውሃው ወለሉን ይበላዋል፣ ሽታውም እስከ ገና አይለቅም። የኋላ በሩ ላይ እናንጠለጥለውና እያንጠባጠበ እንሄዳለን። አባቴም ጋሪው ላይ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ጆንያው ሰሌዳዬን ጋርዶባችኋል!... አዎ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ጻፈው። ጆንያዬ አጥፍቷል። እኔ ግን አልዋሸሁም።

— ማታማ ባዶ እጄን ነው የወጣሁት። ለዚህ ነው ካሜራው ያየኝ።... ማታ ስገባ ያነሳኝን ትቶ የጠዋቱን መግቢያ ነው ከማታው መውጫ ጋር ያያያዘው?... ለምን ባዶ እጄን?... እሱንም አስጽፌ ነበር። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ያነበበው የለም መሰለኝ።

— ማስረጃ?... ማስረጃዬ ባሕሩ ነው።... ሳቅህን ሰማሁት። እሺ ሳቅ፤ ስትጨርስ ንገረኝ።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ደግ። ያን ዕለት የሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፣ ጨረቃዋ ሙሉ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ባሕሩ ርቆ ይሸሻል። ርቆ ከሸሸ ደግሞ አመላለሱም የዚያኑ ያህል ነው። ግን እንዲያ ሲሸሽ አይቼ አላውቅም! በዕድሜዬ ያልረገጥኩትን አሸዋ ረገጥኩ። አንዲት የሰመጠች ጀልባ ጎድኗ ከአሸዋው ብቅ ብሏል። ማን እንደሆነች ገባኝ፤ አባቴ ስሟን ሲያነሳ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ እሱ ራሱ ግን አላያትም።... አዎ፣ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ፈራሁ። ጆንያዬን አንጠልጥዬ በጊዜ ወጣሁ።

— ቀን ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሞላ። ልጄ... እንዴት ልበልህ። ነፋስ የለም። ማዕበል የለም። ድምፅ የለም። እንደ ተዘረጋ አንሶላ ዝም ብሎ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ። መንደሩ በሙሉ አቀበቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል። የዓሣ ጥብስ ቤቱ ሰውዬ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ጸጉር ቤት የነበረችው ሴትዮ ግማሽ ጸጉሯ እንደተጠቀለለ። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ውሃው ዝቅተኛውን ግንብ አለፈና መኪና ማቆሚያችሁ ገባ። ነጫጭ መስመሮቻችሁን አንድ በአንድ ዋጣቸው። የገንዘብ ማሽናችሁን እስከ አንገቱ። «ይቀጣል» የሚለውን ሰሌዳችሁን ከነ ቅጣቱ!

— አላበቃሁም። ከዚያ በላይ ባለው በትልቁ ግንብ ላይ አባቴ የመታት ሚስማር አለች። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በማግስቱ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወሰደኝና «ባሕሩ ትናንት እዚህ ድረስ መጥቷል፤ እኔ ዳግመኛ አላየውም፣ አንቺ ምናልባት» ብሎ መታት። ሰባ ሰባት ዓመት። ቤሪል ያኔ ገና አልተወለደችም። ሰባ ሰባት ዓመት ሚስማሯ ደርቃ፣ ዝጋ፣ ቁጭ ብላለች። ያን ዕለት ውሃው መጣ... መጣ... ነካት። ነካትና ቆመ። ልክ እዚያ ላይ! እንደ ሰው፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው።... እጄን ሰድጄ ዳሰስኳት። ርሳለች። ቤሪል አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፣ አፌን ያዝኩ እንጂ።... ምን ትላለች ይቺ? — እሺ ቤሪል፣ እሺ፣ አልቅሻለሁ!

— እንግዲህ አንተው ፍረድ። መኪናዬ በዚያ ሰዓት እዚያ ቆማ ቢሆን ኖሮ የት ትገኝ ነበር? የሻይ ጣሳ የምታክል መኪና ናት! ባሕር ማዶ አየርላንድ ነበር ሄዳችሁ የምትቀጧት!

— ቃል ብቻ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!... እሺ፣ በሩ ላይ ካለው ሌላ ካሜራ የላችሁም? ከማሽኑ አጠገብ ምሰሶው ላይ የሰቀላችሁትስ?... ማሽኑን ለሚሰብሩ ነው? ለማንም ይሁን። ክፈተው። ቀን ስድስት ሰዓት ከሩብ።... እጠብቃለሁ። ባሕሩ እስከ ማታ አይሸሽም፣ የትም አልሄድም።

— ቤሪል፣ ሻዬን አቀብይኝ።... አንከፍልም አልኩሽ! ዕድሜሽን ሙሉ «ክፈይና ይለፍ»! መቶ ፓውንዱማ ይገኛል፤ ውሸታም ብለው የጻፉትን ማን ያነሳልኛል?... አንቺን ትምህርት ቤት የላክኩሽ እኮ እንዲህ ያለውን ነገር እንድትመልሺልኝ ነበር።

— ሄሎ?... ዴክላን?... አለህ?

— ምን አየህ?... ንገረኝ እንጂ።... አዎ። ውሃ ነው።... የቱ መሬት? መሬቱ ከሥሩ ነው።... እሷ ነጯ? ፌስታል አይደለችም! የባሕር ወፍ ናት፣ ማሽናችሁ ራስ ላይ ተቀምጣ።... ማንን ነው የምትጠራው?... ጥራቸው፣ ጥራቸው፣ ይዩ።

— ስንት ናችሁ አሁን?... ሁሉም ሥራውን ጥሎ መጣ?

— ... አዎ ልጄ። እኛም እንዲሁ ነው ያደረገን።

— መኪና አለ?... አንድም? በደንብ እይ፣ ቀይ መኪና ናት።... የለችም። ቆሞ የዋለው ባሕሩ ነው፤ ከቻላችሁ እሱን ቅጡት!

— ማታ? ማታማ ስመለስ ውሃው ሄዷል። መስመሮቻችሁ ላይ የባሕር አረም ተኝቷል። መጫሪያዬን ይዤ አሸዋው ላይ ወረድኩ፣ ወረድኩና... ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይጭራል? የጸሎት ቤት ወለል ይቆፈራል? ዓይኔ እስኪሰለቸው ቆምኩ፣ አልሰለቸውም። ሲጨልም ባዶ ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ። ያኔ ነው ካሜራችሁ ያየኝ።

— እ?... ቅጣቱ ተነሣ?... እንደምን አልክ፣ ድገመው። «ድርጅቱ በመልካም ፈቃዱ»?... አይ። አይ አይ። — ቤሪል፣ አታጨብጭቢ! — መልካም ፈቃዳችሁን ለራሳችሁ አስቀምጡት። እኔ ምሕረት አልለመንኩም። አንተ አሁን በዓይንህ አይተሃል፤ ያየ ሰው ይመሰክራል እንጂ አይመጸውትም።

— ስለዚህ ወረቀት ሳብ።... አሁን፣ እየሰማሁህ! «ሄስተር ራይዲንግ ያለችው እውነት ነው፣ እኔም አይቻለሁ» ብለህ ጻፍና ፈርምበት።... አለቃህ? ከኋላህ ቆሞ ውሃውን እያየ አይደለም እንዴ? እሱም ይፈርም። ፎቶግራፉንም አብረህ ላከው፣ ወፏ ያለችበትን፤ ከሚስማሯ ጎን እሰቅለዋለሁ።... ባሕሩ ይወስደዋል? ይውሰደው፣ ደግ ነው፣ የሱው ሥዕል ነው።

— አድራሻውን ታውቀዋለህ፣ ሄስትሆልም። ግን ፖስታው ላይ የኔን ስም ጻፍ። የቤሪልን አይደለም፣ «የራይዲንግ ቤተሰብ»ም አይደለም። ሄስተር። ማንበብ ባልችልም ስሜ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሌላ ስም ካየሁበት ሳልከፍት እመልሰዋለሁ፣ ሰማህ? በል፣ ጻፍ!