የዳክዬ አዲሱ ሞተር

(ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር። ጡረተኛው የአየር ኃይል መካኒክ ሻለቃ ባሻ ዘርጋውና ዘንድሮ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀችው ልጁ ትርሲት፣ “ዳክዬ” በሚሏት፣ በሪሞት እየበረረች ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።)

ዘርጋው፦ አልፈርምም። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሞተሯ ተነቅሎ ጠበቀኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ትርሲት፦ ብጠይቅህ እንቢ እንደምትል አውቄ ነው አባዬ።

ዘርጋው፦ ካወቅሽ ለምን ነቀልሽው?

ትርሲት፦ ስላወቅሁ ነዋ።

ዘርጋው፦ ደህና የሚሠራ የነዳጅ ሞተር አውጥቶ ባትሪ መክተት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ትርሲት፦ ቸግሮናል እንጂ። ቅዳሜ ማዶ ሎጁ ውስጥ ሠርግ ነበር። የሙሽራው አጎት እየመረቁ ሳለ ዳክዬ ራሳቸው ላይ ስታጓራ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ምርቃቱን የጨረሱት እዚያው ሆነው ነው።

ዘርጋው፦ ምርቃት ከየትም ቢመጣ ይደርሳል።

ትርሲት፦ የሎጁ ጥበቃ ጋሽ ቶላ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ያዳምጧታል። ድምጿ ማዶ ከተሰማ ከሐይቁ ታግደናል። አንተ ደግሞ የበረራ መዝገቧ ላይ ካልፈረምክ እንድትበር አትፈቅድም።

ዘርጋው፦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ሳልፈርምለት የተነሳ አውሮፕላን የለም። አብራሪውስ? ሻምበል ጎሹን አማክረሽዋል?

ትርሲት፦ ሻምበል ጎሹ አሻንጉሊት ነው፣ አባዬ።

ዘርጋው፦ በማዕረጉ እየጠራሽው ነው እንዲህ የምትይው? ፈቃዱ ለነዳጅ ሞተር ብቻ ነው። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ያስፈልገዋል።

ትርሲት፦ ሠልጥኗል። አንተ ለቅሶ ላይ እያለህ።

ዘርጋው፦ በአንድ ቀን?

ትርሲት፦ ጥያቄ አያበዛም።

ዘርጋው፦ ምነው ታዲያ ከፍ ብሎ የተቀመጠው?

ትርሲት፦ ባትሪው ከድሮው የነዳጅ ታንክ ይከብዳል። አፍንጫዋ እንዳይደፋ ብዬ መሐል ላይ፣ ከመቀመጫው ሥር አስገባሁት።

ዘርጋው፦ መኮንን ባትሪ ላይ አስቀመጥሽ። ውሃ ቢገባስ?

ትርሲት፦ ሽቦው ሁሉ በጥፍር ቀለም ተለብጧል።

ዘርጋው፦ በእናትሽ ቀይ?

ትርሲት፦ የቀባችውም እሷ ናት። እጅሽ አይጸናም አለችኝ።

ዘርጋው፦ በገዛ ቤቴ ተከዳሁ። ስሚኝ ልጄ። መዝገቡ ላይ ምን ይላል? “ሞተሩን ያዳመጠ”። እኔ ሞተር የምመረምረው በጆሮዬ ነው። ዝም ያለ ነገር ሰምቼ እንዴት ልፈርም?

ትርሲት፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትል የለ?

ዘርጋው፦ ስለ አፍ ነው ያልኩት።

ትርሲት፦ ደግሞ ዝም አይልም። እንደ ትንኝ ቀጭን ድምፅ አለው። አጠገቧ ያለ ሰው ይሰማዋል፤ ማዶ ግን አይደርስም።

ዘርጋው፦ እንግዲያው እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፍኜ ላዳምጥ። ከሰማሁት እፈርማለሁ። ካልሰማሁት የነዳጁ ይመለሳል። ይኸው ጨፈንኩ።

ትርሲት፦ እሺ።

ዘርጋው፦ አስነሺዋ።

ትርሲት፦ ደህና አድርገህ አዳምጥ።

ዘርጋው፦ ምነው፣ ባትሪው ገና ሳይጀምር አለቀ?

ትርሲት፦ ዓይንህን ግለጥ አባዬ።

ዘርጋው፦ ይሄ ፕሮፔለር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚዞረው?

ትርሲት፦ “ጨፈንኩ” ካልክ ጀምሮ።

ዘርጋው፦ የነዳጁን ግን እሰማው ነበር።

ትርሲት፦ የነዳጁንማ የሙሽራው አጎትም ሰምተውታል።

ዘርጋው፦ ጆሮዬ መድከሙን እናትሽ ታውቃለች?

ትርሲት፦ ድምፁን ስለምታስጮኸው የማታ ዜናውን ከነጎረቤቶቻችን ነው የምንሰማው፣ አባዬ።

ዘርጋው፦ እኔ ደግሞ ማንም ምንም ያላለኝ ይመስለኝ ነበር።

ትርሲት፦ እጅህን ስጠኝ። እዚህ፣ ክንፏ ሥር አድርገው።

ዘርጋው፦ ትርገበገባለች… በልኳ ነው፣ አትዘልም። ቆይ። ግራ እግሯ ላይ አንድ ብሎን ላልቷል።

ትርሲት፦ ሁሉንም አጥብቄ ነበር።

ዘርጋው፦ ይሄኛውን አላጠበቅሽውም። እሰሪው… እሰይ። አሁን አውሮፕላን ሆነች።

ትርሲት፦ ጋሽ ቶላ እየመጡ ነው። የነዳጁን ልመልሰው? ቃልህ ቃል ነው።

ዘርጋው፦ መዝገቡን ወዲህ በዪ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አልፈርምም። “ሞተሩን ያዳመጠ” በሚለው ላይ አንቺ ፈርሚ። ከሥሩ አንድ መስመር አስምሪና “የዳሰሰ” ብለሽ ጻፊልኝ።