ባጠረ ቁጥር የሚፈጥን ምድጃ

ከገለምሶ ወደ ጭሮ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት የማላውቃቸው እናት ጎናቸው ላለው የፊዚክስ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃቸው ያወሩ ነበር።

«ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር የተቃጠለውን ቆርጬ እጥላለሁ፤ የቀረውን ጠምዝዤ እቀጥላለሁ። ወላሂ፣ ባጠረ ቁጥር ይፈጥናል!»

«አዲስ እያለ ስንት አምፒር ነበር?»

«አምስት ይላል ጀርባው ላይ።»

«ቮልቱ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ለአምስት ሲካፈል የሽቦው ተቃውሞ አርባ አራት ኦም፤ በአምስት ሲባዛ ኃይሉ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት። አሁን ከሽቦው ምን ያህል ቀርቷል?»

«ግማሹ።»

«እንግዲያው ተቃውሞው ሃያ ሁለት ኦም ሆነ። ከረንቱ አስር አምፒር፣ ኃይሉ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት።»

«ማሻአላህ! እጥፍ!»

«እናቴ፣ የቤትዎ ገመድ ይህን አይችልም።»

«እሱማ ሁለቴ ቀልጧል።»

«እና አሁንም ይሠሩበታል?»

«አቦ፣ እኔ ምን በወጣኝ! ለልጄ ባል ሰጠሁት።»

«ለልጅዎ ባል?»

«ቤታቸው አዲስ ነው፤ ገመዱ ይችላል።»

የእኔም አማት «ይፈጥናል» ብለው ያስያዙኝን ምድጃ እግሬ ስር ካለው ፌስታል ቀስ ብዬ አውጥቼ፣ ሽቦው ስንት ቦታ እንደተቀጠለ መቁጠር ጀመርኩ።