ምንጣፉም በኛ ሒሳብ

«ገላኔዬ፣ እንዴት አደርሽ እቴ? ላሚቱ ወለደች አሉ! እሰይ፣ እልል ነው! ጥጃዋስ ጠባች? የሀና ማርያም ጭቃ እንዴት አደረገሽ? ጠጋ በይ፣ የወተት ጀሪካንሽን እዚህ እግሬ ሥር አድርጊው... እንዲያ!»

አረጋሽ ወተት ሻጭ ወዳጇን ይህን ያለቻት ከጀሞ በተነሳ ሚኒባስ ውስጥ፣ ትራምፔቷን ከነሳጥኑ ታቅፋ ነው። በአንድ የመንግሥት ጣቢያ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ናት። ዛሬ ደግሞ የጣቢያው ቦርድ ተሰብስቦ «ኦርኬስትራው ወጪው በዛ፣ ይበተን» በሚለው ላይ ሊወስን ነው። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት የሒሳብ ኃላፊ፣ መኪናቸው ጋራዥ ገብታባቸው፣ ከፊቷ ጋቢና ተቀምጠዋል። ገና ስትገባ አይታቸዋለች። ግን ማን? እሷ? ማንንም አላየች! ዓይኗን ገላኔ ላይ፣ ድምጿን ጋቢና ላይ አደረገችው። ልቧ በደስታ ትዘል ጀመር፤ እንዲህ ያለ ጠዋት ከስንት አንዴ ይገኛል?

«ነገርን ነገር ያነሳዋል... እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው አሉልሽ። አቤት ዕውቀት! አቤት ጭንቅላት! እሳቸው ቢሆኑ ያቺን ላምሽን እንዴት እንደሚያሰሉልሽ ታውቂያለሽ? ድርቆሹን በሷ ሒሳብ ይጽፋሉ፤ ይሁን፣ በልታለች። የአጥሩን ቆርቆሮ በሷ። የዘበኛውን ደሞዝ በሷ። ውሻው የነከሰው መንገደኛ የተወጋውን መርፌ... እሱንም በሷ! ወተቱስ? ወተቱንማ የጠጣ ሁሉ በነጻ ጠጣ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ‹ይቺ ላም አክሳሪ ናት፣ ትታረድ› ይሉሻል። ታዲያ ሊቅ አይደሉም?»

ገላኔ ሳቋ ሲያመልጣት አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ምን ያስቅሻል? እኔ እኮ እያመሰገንኩ ነው! የኛ ጄኔሬተር ሕንጻውን ሁሉ ሲያበራ ይውላል፤ ናፍጣው ግን በኦርኬስትራው ሒሳብ ነው። ለምን? ከልምምድ ክፍላችን ጎን ስለቆመ! ላይ ፎቅ ባሉት አለቃ ቢሮ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ በኛ። ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል፣ ድምፅ ደግሞ የኦርኬስትራ ነው! የካፌው ሲኒ እንኳ... ይንቃጨል የለ? እሱም በኛ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ ሰምተሻል፤ እሳቸው ግን ለጋስ ናቸው፣ እከኩን ብቻ ምን ያደርጋል ብለው አብዬን ራሱን አመጡልን። ጠዋት ማታ ዜናው የሚከፈተው በኛ ሙዚቃ ነው። እሱ ስንት ተባለ? ምንም! ‹አየር ላይ የሚውል ነገር አይቆጠርም› አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው... የኔ ትንፋሽ አየር እንጂ ሌላ ምን ሊሆን?»

ከኋላ ወንበር አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ጋቢና ያለው ማጅራት ቀስ እያለ ወደ ኮሌታው ገባ። አረጋሽም ትስቃለች፤ ይሳቅ እንጂ አንጀቷስ አርሯል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህች ሳጥን ሌላ እንጀራ አታውቅም፤ ማታ ስትመለስ ሥራ ይኑራት አይኑራት የሚያውቁት እነዚያ የቦርድ ሰዎች ናቸው።

«እጃቸውስ ቢሆን! አምና ትልቋን ልጃቸውን ሲድሩ የነፋነው እኛው ነን፤ ከሙሽሪት መግቢያ እስከ ኬኩ። ከንፈሬ አብጦ ሰነበተ! ክፍያ ብሎ ማንሳትማ ነውር ነው፣ ቤተሰብ አይደለን? እሳቸውም አልረሱንም። ያን ሰርግ ‹የመስክ ልምምድ› አሉና መኪናውንም አበሉንም በኛው ላይ ያዙት። ይኸው አሁን ለቦርዱ ‹ተመልከቱ፣ ልምምድ ብቻውን ስንት እንደሚበላ› እያሉ ያሳያሉ። እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል? ገንዘብ ተበድሮ ልጁን የሚድር አለ፣ በሬ ሸጦ የሚድር አለ፤ በልምምድ የሚድር ግን... አንድዬ ያውቃል!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ፤ ሾፌሩ ሳይቀር መሪውን መታ መታ አደረገ። ያን ጊዜ ሰውዬው ቢሯቸው ሜክሲኮን አልፎ ሳለ ገና መካኒሳ ላይ «ወራጅ አለ!» አሉ። በሩን ሲከፍቱ የኮታቸው ጫፍ የወንበሩ ቀበቶ ላይ ተያዘባቸውና እሱን ለማላቀቅ ይታገሉ ጀመር። አረጋሽ አልቸኮለችም፤ ድምጿ እንደ ማር ሆነ።

«ውይ፣ ዋናውን ሳልነግርሽ! ለዳግማዊ ትንሣኤ ደግሞ ታናሿን ሊድሩ ነው። ጥሪውም ደርሶኛል፣ ‹ከነጓደኞችሽ፣ ከነመሣሪያችሁ› ብለው። ዛሬ ደግሞ ቦርዱ እሺ ካላቸው ኦርኬስትራ የሚባል አይኖርም... በይ ገላኔዬ፣ አሜን በይ! እግዜር ለልጃቸው ሰርግ በጤና ያድርሳቸው። የልባቸውን ይሙላላቸው፣ ከወጪ ሁሉ ይሰውራቸው። ሙሽሪት ክንዳቸውን ይዛ፣ ያ ሁሉ ዘመድ ቆሞ፣ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ... ከአባትና ከልጅ ጫማ በቀር ኮሽ የሚል አይኑር። አሜን!»