በትምህርት ቤቱ ማን ይታጠቅ?

መምህር ሃርላን ትዊዴል ቅዳሜ ጠዋት ለከብቶቹ ጨው ሊገዛ ወደ መኖ መደብሩ ጎራ ሲል፣ በመላው የአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት ሊያያት የማይፈልጋት ሴት የዶሮ መኖ ተሸክማ ስትወጣ በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ማርኒ ኦስለንድ ናት፤ እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ብረታ ብረት ባስተማረበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ድሮ ደግሞ የገዛ ተማሪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ የሸሪፉ ጣቢያ ከከተማቸው አርባ ደቂቃ ይርቃል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ቦርድ፣ የግዛቱ ሕግ በፈቀደው መሠረት፣ ሠልጥነው ፈተና ያለፉ ሠራተኞች ሽጉጥ እንዲታጠቁ ወሰነ። ሃርላን ከሁሉ ቀድሞ ተመዘገበ። አጋዘን በማደን ያረጀ ሰው ነው፤ ከእሱ በቀር ማን ሊመረጥ? ሥልጠናው ሲያልቅ ግን እሱ ወደቀ፣ ማርኒ አለፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅናት እንደ ቃር ደረቱን ያቃጥለዋል። ሳቋ ያናድደዋል። ርእሰ መምህሩ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ሲላት ደግሞ ምሳው አይወርድለትም።

"እንዴት አደሩ መምህር?" አለች ማርኒ ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ።

"ደኅና ነኝ። አንቺ ጠባቂያችን እያለሽ ምን እንሆናለን ብለሽ!"

"ኧረ ቀስ ይበሉ! ማን እንደታጠቀ በአደባባይ አይወራም።"

"ከሃያ አምስት ጥይት ሃያ አራቱን ዒላማው መሀል የሰካሁት እኔ! አንቺ ስንት ነበር?"

"ሃያ አንድ።"

"ታዲያስ! እንኪ አንብቢ።" የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። "ለቦርዱ ነው። መሣሪያ ትምህርት ቤት መግባቱ ለልጆቹ አደጋ ስለሆነ ይቅር ብያለሁ።"

ማርኒ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"እህቴም ይህንኑ ታምናለች" አለች። "በቦርዱ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተከራክራኛለች፤ አከብራታለሁ። ምናልባትም እሷ ትሆናለች ልክ። እርስዎ ግን ፈተናውን ቢያልፉ ኖሮ ይህን ይጽፉት ነበር?"

ሃርላን ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀ። ቅናት የያዘው ሰው የራሱን ቁስል የሕዝብ ጉዳይ አድርጎ መጻፍ ይቀናዋል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ያምነዋል።

"ፈተናው ላይ ድንገት ለተነሣ አንድ የካርቶን ምስል ብለው ነው የጣሉኝ" አለ።

"ካርቶኑ ላይ የተሳለው ተማሪ ነበር። የያዘውም ስልክ ነው። እርስዎ ሳይለዩ ተኮሱ።"

"እጄ ቀደመኛ! አውሬ ቆሞ ይጠብቅሻል?"

"እኛ ግቢ ያሉት ሦስት መቶ ልጆች እንጂ አውሬ አይደሉም። አሠልጣኙ በር መቆለፍ፣ ደም ማቆም አስተማረን። ከሁሉ በላይ ያስተማረን ግን አለመተኮስን ነው፤ እርስዎ እሱን ሲናገር መስኮት መስኮት ያዩ ነበር።"

"እንግዲህ ጀግና ነኝ በይና!"

"የምን ጀግና! በየጠዋቱ ስታጠቀው ማታ እስክፈታው ሰዓት እቆጥራለሁ። ሸክሙን ቢጋሩኝ ደስታዬ ነበር። ግን እንዲህ ሆነው አይደለም።"

በአገጯ ደጅ ወደቆመው የሃርላን መኪና አመለከተች። ከወንበሩ ጀርባ የአደን ጠመንጃው ተሰቅሏል፤ መስኮቱ ወለል ብሏል።

"ይሄ መኪና ሰኞም ማክሰኞም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ሕጉ ጠመንጃ ቆልፉ ይላል፤ ያገር ሰው ስለሆኑ ማንም አልተናገረዎትም።"

"አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሰቅለው። ምን ደረሰ?"

"አንድ የተከፋ ልጅ እጁን ሰዶ ቢያወርደው፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የምጠብቀው እሱን ነው። የያዘውም የእርስዎን ጠመንጃ ይሆናል። ያን ጊዜ ልተኩስ መምህር?"

ሃርላን ወደ መኪናው መስኮት ዞረ። በዚህ ዓመት አባቱ የሞተበት፣ ከማንም ጋር የማይነጋገር አንድ ተማሪ በዓይኑ መጣበት። ልጁ በየቀኑ በዚያ መስኮት አጠገብ ያልፋል። ሄዶ መስኮቱን ዘጋ።

"ቀንቼብሽ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መጋዝ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ በለጠችኝ ብዬ።"

"እኔም በመጋዙ እቀናብዎ ነበር" አለች ማርኒ።

ደብዳቤውን ቀደደው። በዚያው ቅዳሜ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ገዛ፤ ጠመንጃውም ከቤት አልወጣም። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹን እየያዘ በብረታ ብረት ክፍሉ እንዲህ ያለ ሣጥን መሥራት ጀመረ፤ ለየወላጁም ቤት ድረስ ወሰደ። "የአባቶቻችን ልማድ ነው" የሚሉትን ሁሉ እሱ ራሱ ተከራከራቸው። በረዶው ሳይጥል ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠመንጃ የሰቀለ መኪና ጠፋ። የማርኒ እህት እንኳ፣ መታጠቁን እየተቃወመች፣ ሣጥኑን ታድል ነበር። ጥቅሙም ይኸው ነው፦ መሣሪያው ከችኩል እጅ ይርቃል፣ የታጠቀውም ተፈትኖና ተጠያቂ ሆኖ ይታጠቃል፣ ወላጅም ልጁን ሸኝቶ ሥራው ላይ ይውላል።

በጸደይ ሃርላን እንደገና ተፈተነ። ሲወጣ ማርኒ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው፤ ፊቱ በላብ ርሷል።

"ስልክ የያዘው ካርቶን ላይ አልተኮስኩም!" አለ እንደ ሕፃን። ከዚያም ዙሪያውን አይቶ ጠጋ አላትና "አንቺ ስንት ሰከንድ ነበር የጠበቅሽው?" አላት።

"አራት።"

"እኔ አምስት" አለና ደረቱን ነፍቶ ወጣ።