አንድ ዳገት፣ አንድ ቃል

ደባርቅ፣ የበቅሎ ጫኞች ማረፊያ፤ ማንደፍሮ እንግዶች አድርሶ ከስሜን ተራራ ሲመለስ፣ ነገ ጠዋት የአስጎብኚነት የእንግሊዝኛ ፈተና ያለበት ባልንጀራው ቢያድግልኝ ከጋራ በቅሏቸው ከቦራ ላይ ስልቻ አውርዶ የቃላት ደብተሩን ፍለጋ ይበረብራል።

ማንደፍሮ፦ ከምነግርህ ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትገኝ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ። ደብተርህን ጭላዳ ነው የወሰደው።

ቢያድግልኝ፦ አፉን ያዝልኝ።

ማንደፍሮ፦ የጭላዳውን?

ቢያድግልኝ፦ የስልቻውን። ትናንትና ለፈተናው ልመዘገብ ስሮጥ እዚህ ውስጥ ረስቼው ነው። ከጨው ሥር አለ።

ማንደፍሮ፦ ጉዱ እሱ ነዋ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከበቅሎ ጨው ጋር የኖረ ደብተር፣ እሱ ራሱ አሞሌ ሆኗል። ጨነቅ ካምፕ ላይ ጭነቱ አዘመመብኝና ላስተካክል ብዬ ስልቻውን ከድንጋይ ላይ አሳረፍኩት። መንጋው ሣሩን ይነጫል። አንዱ አውራ፣ ጎፈሩ ትከሻው ድረስ የወረደ፣ እንደ አገር ሽማግሌ እየተንጎማለለ መጣና እጁን ሰደደ።

ቢያድግልኝ፦ ጭላዳ ሣር ነው የሚበላው።

ማንደፍሮ፦ በላ ማን አለህ? አንዴ ላሰው። ከዚያ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና ገለጠው። አንዱን ገጽ ያያል፣ ቀና ብሎ እኔን ያያል፣ ደግሞ ይገልጣል። ሚስቶቹ ዙሪያውን ከበው እንደ ተማሪ ጸጥ ብለዋል።

ቢያድግልኝ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ያንተ ግን እያደር ይከብዳል። አምና ቦራ ጅብ በእርግጫ ገደለች ብለህ ሰፈሩን ሁሉ ጅብ ፍለጋ አውጥተሃል።

ማንደፍሮ፦ እሱ ጨዋታ ነው።

ቢያድግልኝ፦ በሚካኤል ምለህ ነበር።

ማንደፍሮ፦ በአባቴ አጥንት ግን አልማልኩም። በአባቴ ቀልጄ አውቃለሁ?

ቢያድግልኝ፦ አታውቅም።

ማንደፍሮ፦ እኮ።

ቢያድግልኝ፦ ታዲያ ይዞት የት ገባ?

ማንደፍሮ፦ የትም አልገባ፣ ሰለቸው። አፋፉ ላይ ጣለውና ወደ ሣሩ ተመለሰ። እኔ ልብሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ያንን አፋፍ ታውቀዋለህ፣ ፍየል እንኳ ተሳልማ ነው የምታልፈው። አንድ እርምጃ ሲቀረኝ እግሬ ወለም አለ፣ ነፋሱም መጣ። ገጹ አንድ በአንድ እየተገነጠለ ገደሉን ወረደ። ርግብ የተለቀቀ ነው የሚመስል።

ቢያድግልኝ፦ እግርህን አምጣ።

ማንደፍሮ፦ ተወው፣ ይሻለዋል።

ቢያድግልኝ፦ አምጣ አልኩህ፣ ልሽህ። የቱ ጋ ነው? አላበጠም እኮ።

ማንደፍሮ፦ ውስጥ ውስጡን ነው።

ቢያድግልኝ፦ አንድ ሺህ አራት መቶ ቃል ነበር። አንድ ዳገት፣ አንድ ቃል። የእንግዳውን ትንሽ ቦርሳ እኔ እሸከማለሁ፣ ጫፍ ስንደርስ አንድ ቃል ይሰጠኛል። ‹ፎግ›ን የሰጠችኝ ልጅ ሳንቃበር ላይ ጉሙ ሲመጣ ፈርታ እጄን የያዘችኝ ናት። ‹ሎንሊ›ን፣ ብቸኛ ማለትን፣ የሰጠኝ ሽማግሌ ሚስቱ ከሞተች ወር አልሞላትም ነበር። ሁለት ጊዜ ደግሞ ነገረኝ፣ ያልገባኝ መስሎት።

ማንደፍሮ፦ ጭንቅላትህ ውስጥ የለም?

ቢያድግልኝ፦ ግማሹ አለ። ግማሹ ገጹን ሳየው ነው የሚመጣልኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልከልሰው ነበር።

ማንደፍሮ፦ ለሚመጣው ዓመት ትፈተናለሃ።

ቢያድግልኝ፦ ከዘንድሮ በኋላ አርባ የሞላው አይመዘገብም ተብሏል። ነገ ካልሆነ አለቀ።

ማንደፍሮ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። በቅሎ መጫን ምን ጎደለው?

ቢያድግልኝ፦ አሥራ ሁለት ዓመት የቦራን ጭራ እያየሁ ሄድኩ፣ ማንደፍሮ። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ያወራል፣ እነሱ ይስቃሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የምን ሣቅ እንደሆነ ለማወቅ እንኳ አፍ አፋቸውን አያለሁ። አንድ ቀን ከፊት ልሂድ ብዬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ማንደፍሮ፦ ከኋላ እኮ ብቻህን አልነበርክም።

ቢያድግልኝ፦ ምን አልክ?

ማንደፍሮ፦ እኔም ከኋላ ነበርኩ። አንተን ሳስቅህ። እንግሊዝኛ ሳያስፈልገኝ።

ቢያድግልኝ፦ ተቀየምከኝ እንዴ?

ማንደፍሮ፦ ደብተርህ ውስጥ ስሜን አይቻለሁ። ከክረምት በፊት ነው። ማንበብ እንደሁ አራተኛ ክፍል ድረስ አስተምረውኛል። ‹ላየር› ብለህ ጽፈህ አጠገቡ ‹ማንደፍሮ›። ምን ማለት ነው ብዬ አስጎብኚውን ደሴን ጠየቅሁት። ሆዱን ይዞ ሣቀ። ‹ውሸታም ማለት ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አስጎብኚው ሁሉ በሱ ነው የሚጠራኝ፤ ‹ላየር፣ ጭነቱን አጥብቀው› ይለኛል ውሪው ሁሉ።

ቢያድግልኝ፦ እኔ ቃል ብቻውን አይያዝልኝም። ሰው ላይ ካላሰርኩት ያመልጠኛል።

ማንደፍሮ፦ እኔ ላይ ያሰርከው እሱን ነዋ።

ቢያድግልኝ፦ ‹ላፍ› ማለት ሣቅ ነው፣ አንተ ላይ ነው ያሰርኩት። ‹ሀንግሪ› ራብ ነው፤ ያ በረዶ የዘነበ ጊዜ አንዲቷን ቂጣ ለሁለት ያካፈልከኝ ዕለት፣ አንተ ላይ። ‹ሲንግ› መዝፈን ነው፣ እሱም አንተ ላይ። ማን ላይ ልሰር? የማውቀው ሰው አንተን ነው።

ማንደፍሮ፦ ያንን አላየሁም።

ቢያድግልኝ፦ አትገልጥማ። ስምህን ያየህበት ላይ ቆምክ።

ማንደፍሮ፦ ይበቃል፣ እግሬን ተወው።

ቢያድግልኝ፦ እግርህን አታሽሽ፣ ጅማቱን አግኝቼዋለሁ። ለነገሩ ካለፍኩ ቦራን ላንተ ልተዋት ነበር። ግማሿን አይደለም፣ ሙሉዋን። ለእናትህ ነግሬያቸዋለሁ፣ አልነገሩህም?

ማንደፍሮ፦ ለእናቴ?

ቢያድግልኝ፦ ከእኔ አፍ ብትሰማ ቀልድ ታደርገዋለህ ብዬ ነው። አሁንማ ቀረ። ሳስበው ደግሞ ፈተናው ቢቀርስ ምን አለበት እላለሁ። ለእኔ ወረቀት ብለህ ያንን አፋፍ ሮጠሃል። ብትወድቅ ኖሮ ደብተሩ ምን ይረባኛል? ፈተናውን ትቼዋለሁ። ነገ አብረን እንጫን፣ እግርህ እስኪድን ከኋላ እኔ እይዛለሁ።

ማንደፍሮ፦ እግሬን ልቀቀው።

ቢያድግልኝ፦ አመመህ?

ማንደፍሮ፦ አላመመኝም። ልቀቀው።

ቢያድግልኝ፦ ምን ሆንክ አንተ?

ማንደፍሮ፦ ጭላዳው እውነት ነው። ጨውም፣ ሚስቶቹም፣ ነፋሱም እውነት ነው። ሮጥኩ ያልኩህን ብቻ ነው የፈጠርኩት። ጥሎት ሲሄድ እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር፤ ቁጭ ብዬ ነፋሱን ጠበቅሁ።